የሁለት ልጅ መርፌ በአንድ ጭን

ሬዲዮ ያሏት ወደው አይደለም። በረግረጉ ዳር ካሉት ቤቶች የማን ድስት እንዳረረ፣ የማን ባል በየትኛው በር እንደገባ፣ የትኛዋ ልጃገረድ ጠዋት ጠዋት እንደሚያስመልሳት፣ ሁሉም የሚሰማው ከእሷ አፍ ነው። ያውም ባትሪ የማይጨርስ ሬዲዮ። ሰው «እገሌ ታመመ አሉ» ሲል «ሬዲዮ ተናገረች ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። ካልተናገረች ሰውዬው ገና አልታመመም ማለት ነው።

የረግረጉ ሰዎች ከተማው ሳይኖር የነበሩ ናቸው። ከተማው ነው መጥቶ አጠገባቸው ዘጭ ያለው። ተደላድሎ ከተቀመጠ በኋላ ደግሞ «እናንተ ከየት መጣችሁ?» አላቸው። ከውኃው ደንገል እያጨዱ ሰሌን ይሠራሉ፤ እርስ በርሳቸው በራሳቸው ቋንቋ ያወራሉ። ከተሜው «እንቁራሪቶቹ» ነው የሚላቸው። ሰሌኑን ግን እንቁራሪት የሠራው ነው ብሎ አይተወውም፤ ተከራክሮ ገዝቶ ይተኛበታል።

ሬዲዮ ሁለት ልጆች ነበሯት። ወንዱን፣ ያን የመሰለ ሸንቃጣ፣ ደንገል ሊያጭድ እንደወጣ ውኃ በላው። እርጉዝ ሚስት ትቶ ነው የሄደው። ሴቷ ከተማ ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጣፊ ናት። እሷም አረገዘች፤ ያረገዘችለት ሰው ደግሞ ሆዷ ሲገፋ እንደ ጉም በነነ። ምራትና ልጅ በአንድ ወር ወለዱ። ምራቷ ሴት፣ ልጇ ወንድ።

ወንዱን ሬዲዮ «አለቃው» አለችው። ሴቷን «ትራፊ» አለቻት። ከሞተ አባት የተረፈች ማለቴ ነው ትላለች ሰው ሲጠይቃት፤ የሚሰማት ሁሉ ግን ሌላ ነው የሚገባው። «የልጄ ዓይን የላትም። የልጄ አፍንጫ የላትም። የማንን አፍንጫ ይዛ እንደመጣች እንግዲህ እናቷ ታውቃለች» ትላለች፣ ምራቷ እዚያው ፊቷ ቁጭ ብላ ሰሌን እየሠራች። ምራቲቱ ቀና አትልም። ቀና ብላስ የት ትሄዳለች? እናት አባት የላትም፤ ጣሪያው የሬዲዮ ነው።

እንግዲህ ሬዲዮ በዚህ ዓለም ላይ አንድ የምትጠላው ነገር ቢኖር መርፌ ነው። ያለ ምክንያትም አይደለም። ጡቷ ገና ሳይወድቅ፣ ሁለቱ ልጆቿ ድክ ድክ ሲሉ፣ ነጭ መኪና መጣ። ነጭ ጋውን የለበሱ ሰዎች ወረዱና የወለደችውን ሴት ሁሉ አሰለፉ። «ምንድነው?» ሲባሉ «የጉልበት መርፌ ነው፤ ደንገል ስታጭዱ አይደክማችሁም» አሉ። ለያንዳንዷ አንድ ጥቅል ብስኩት ሰጡ። ከዚያ ወዲህ ከተሰለፉት አንዲት እንኳ አላረገዘችም። ዓመት ተጠበቀ፣ የለም። አምስት ዓመት ተጠበቀ፣ የለም። ባሎች ጎጆ ቀየሩ። መኪናው አልተመለሰም፤ «እንዲህ አድርገናችሁ ነበር» ብሎ የመጣም ሰው የለም። ጉልበቱ እንደሆነ ያው የድሮው ነው፣ እንዲያውም ባሰበት።

«ማኅፀኔን በብስኩት ገዙኝ» ትላለች ሬዲዮ። «ብስኩቱም ሻግቶ ነበር።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። በረግረጉ ልጁን ለክትባት የሚወስድ አልነበረም። ክሊኒኩ ሐሙስ ሐሙስ ይከፈታል፣ ከተሜው ይሰለፋል፣ የረግረጉ እናት ልጇን ይዛ በሌላ መንገድ ዞራ ትሄዳለች።

አልጋ አንጣፊዋ ግን ስድስት ቀን ሆቴል ውላ ሆቴል የምታድር ናት፤ አለቃውን ያሳደገችው ሬዲዮ ናት። እሑድ እሑድ ስትመጣ ሌላ ነገር የላትም።

«እማዬ፣ ካርድ የሌለውን ልጅ የሕፃናት መዋያው አይቀበልም። ሁለት ዓመት ሲያልፈው ወደኔ ልወስደው ነው። አስከትቢልኝ።»

«የወንድ ልጅ ነገሩን ሊያመክኑት? ሞቼ ነው!»

«የሆቴሉ ሰው ልጅ ሁሉ ተከትቧል'ኮ፤ ማንም አልመከነም።»

«ከተሜማ ለራሱ ልጅ ሌላ ብልቃጥ ነው ያለው። ሞኝ ነሽ እንዴ?»

«እማዬ፣ ካላስከተብሽው ነገ ይዤው እሄዳለሁ። ሆቴሉ ጓዳ አንሶላ ላይ ይደግ።»

ይሄን ጊዜ ሬዲዮ ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል ደግሞ ነገር እየፈጠረች ነው። አለቃው ከእቅፏ ሲወጣ ታያት፤ ደረቷ ላይ ያለው ሙቀት ሲቀዘቅዝ ታያት። መርፌውም ታያት። ከሁለቱ የትኛውንም ልትሰጥ አልፈለገችም።

«እሺ የኔ ልጅ፣ አስከትበዋለሁ» አለች።

ምራቷ ትራፊን በስሟ አስከትባት ነበር። እሷ ያደገችበት ቦታ ኩፍኝ ሁለት ወንድሞቿን በአንድ ሳምንት ጠርጎባታል፤ ስለ ማኅፀን የሚወራውን ብትሰማም ከሞት አይበልጥብኝም ብላ ሹልክ ብላ ወሰደቻት። ሬዲዮ ይሄን ስታውቅ ተቆጣች ስትሉ፣ አልተቆጣችም። ፈገግ አለች።

«ጎበዝ። በሚቀጥለው ሐሙስ ልጅቷን ለኔ ትሰጪኛለሽ።»

«ለምን እማማ?»

«አለቃው ሆና ትሄዳለች።»

ምራቲቱ እጇ ላይ ያለው ደንገል ወደቀ። «ባለፈው ሐሙስ ተወግታለች'ኮ። ጭኗ ገና አልበረደም።»

«ታዲያ? ከመከነች አንዴም ቢወጓት ያው፣ ሁለቴም ቢወጓት ያው። የማን ዘር እንዳይቀር ነው?»

ምራቲቱ ጣሪያውን አየች። ጣሪያው የሬዲዮ ነው። ሐሙስ ጠዋት ልጅቷን አጥባ፣ የአለቃውን ሰማያዊ ኮፍያ አጥልቃ ሰጠቻት።

ክሊኒኩ አንድ ኮሪደር ነው፤ በረኪና በረኪና ይሸታል። ከግድግዳው ጋር የተጣበቀ አግዳሚ አለ፤ ከተሜዎቹ የረግረግ ሰው ሲቀመጥ ዕቃ እንደረሱ ሁሉ ብድግ ይላሉ። ሬዲዮ ይሄ ይመቻታል፤ ሰፋ ብላ ነው የምትቀመጠው። ነርሷ ከበሩ አንገቷን አወጣች። ሴቶቹ ፍሪጇ ነው የሚሏት፤ ክትባቱን ከምታስቀምጥበት ፍሪጅ እሷ ትቀዘቅዛለች።

«ካርድ!»

ሬዲዮ በአለቃው ስም ያወጣችውን አዲስ ካርድ ሰጠች።

«ወንድ ነው?»

«ወንድ ነው ሲስተር፤ የወንድ ወንድ።»

ነርሷ ልጅቷን ቀና ብላ አላየችም። ጭኗን ጨበጠች፣ ወጋች፣ ማኅተም መታች። ትራፊ ነርሷን ስታይ ቀድማ ነበር ማልቀስ የጀመረችው፤ ሰው መለየት ከነርሷ ይልቅ እሷ ታውቃለች።

«ምነው እንደሚያውቀኝ ሆነ?» አለች ነርሷ።

«ብልጥ ነው ሲስተር።»

«የናንተ ልጆች እንደሆነ ፊታቸው አንድ ነው። እኔ በካርድ ነው የምለያችሁ። ቀጣይ!»

ሬዲዮ ከክሊኒኩ ስትወጣ ሳቋን በሻሿ ጫፍ አፍና ነው። ቤት እንደገባች ደግሞ የጎደለውን አሰበች። እሑድ ልጇ መጥታ «የተወጋበትን አሳዩኝ» ማለቷ አይቀርም። ሰሌን የሚሰፉበትን ወስፌ አነሳች፣ ጫፉን አረቄ ነክራ ጠረገች፣ አለቃውን ጭኑ ላይ ጠቅ አደረገችው። ልጁ ሰማይ ቀደደ።

«አይዞህ የኔ ጌታ፣ ይሄኛው ማንንም አያመክን» አለችው።

እሑድ አልጋ አንጣፊዋ ያቺን ቀይ ነጥብ ደጋግማ ሳመቻት።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስቱም የጭን መርፌ አለፈ። የኩፍኙም፣ በክንድ የሚሰጠው፣ አንደኛውም ሁለተኛውም አለፈ። ትራፊ ለራሷ አንድ ሐሙስ፣ ለአለቃው አንድ ሐሙስ። ሁለት ሌሊት ታተኩሳለች፣ ሦስተኛው ቀን ትነሳለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ። አለቃው ወስፌ፣ ትራፊ መርፌ፤ ካርዱ ግን ሞላ።

የረግረጉ ሴቶች ይሄን ሁሉ አያውቁም። የሚያውቁት የሬዲዮ የልጅ ልጆች፣ አለቃውም ትራፊም፣ መከተባቸውን ነው። ያውም ከማንም ይልቅ መርፌ የምትረግመው ሬዲዮ! ወሬው ሲሰማ በየደጁ እጅ አፍ ላይ ተጫነ። በተለይ ጎረቤቷ፣ የመንታዎቹ እናት፣ በየቀኑ አለቃውን እየመጣች ታየዋለች። ሁለት ወንዶች በአንድ ጊዜ የወለደች፣ ከዚያ በፊት ሦስት የቀበረች ሴት ናት።

«እትዬ ሬዲዮ፣ አልከሳም ማለት ነው?»

«ይሄ? ይሄ ሊከሳ? ይሄ ወይፈን!»

«እኔ'ኮ እያየሁት ነው። ሁለት ዓመት ሞልቶት ምንም ካልሆነ የኔዎቹንም እወስዳለሁ። ሌሎቹም እንደዛ እያሉ ነው። የአለቃው ይታይ እያሉ ነው።»

ሬዲዮ ሆዷ እየሳቀ «እዩት፣ እዩት» አለች። ነገሩ ጣፈጣት እንጂ ሌላ አላሰበችም።

አለቃው ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ውኃው ሸሽቶ ጭቃው የተሰነጠቀ ጊዜ፣ ኩፍኝ ከተማ ገባ። ከባለሱቁ ቤት ጀመረ አሉ፣ ወደ ጫማ ሰፊው ተሻገረ አሉ። ይሄን ያወራችው ራሷ ሬዲዮ ናት፣ በየበሩ እየቆመች፣ ጣት እየቆጠረች። በአምስተኛው ቀን ቤቷ ስትገባ አለቃው ሰሌን ላይ ተጋድሟል። ዓይኑ በርበሬ መስሏል፤ አፍንጫው ይፈሳል፤ ሳሉ እንደ ሽማግሌ ሳል ደረቅ ነው። ትራፊ አጠገቡ ቁጭ ብላ የራሷን ቂጣ አፉ ውስጥ ልትከትለት ትታገላለች።

ሬዲዮ ወዲያው ነው ያወቀችው።

በሦስተኛው ቀን ከጆሮው ኋላ ጀምሮ ሽፍታው ወረደ። አልጋ አንጣፊዋ በጎረቤት ስልክ ተደውሎላት ከነሽርጧ መጣች። ልጇን አቅፋ ወደ ክሊኒክ ሮጠች፤ ሬዲዮ ከኋላ፤ ምራቷ ትራፊን አዝላ፣ ውኃ በጠርሙስ ይዛ ከኋላቸው።

ግቢው ውስጥ አምቡላንስ ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሟል። ወደ ትልቁ ሆስፒታል የኩፍኝ ልጆች ሊወስድ ነው የመጣው። አራት ልጆች ከነግሉኮሳቸው ተጋድመውበታል፤ አንድ ቦታ ቀርቷል። ኮሪደሩ ጢም ብሏል። አልጋ አንጣፊዋ ሰው ገፍታ ነርሷ ፊት ደረሰች።

«ካርድ!»

ካርዱን ከፌስታል አውጥታ ሰጠቻት። ነርሷ አየችው፣ ገለበጠችው።

«ሙሉ ነው። የኩፍኝ ሁለቱንም ወስዷል። ሙቀት ነው ሽፍታ ያወጣበት።»

«ሲስተር፣ ዓይኑን እይልኝ! ሳሉን ስሚልኝ!»

«ጭቃ ላይ ከትንኝ ጋር እያስተኛችሁ ሽፍታ ባያችሁ ቁጥር ኩፍኝ ትላላችሁ። አጥቡት። ሽሮፕ እሰጥሻለሁ።»

«አምቡላንሱ ውስጥ ቦታ አለ'ኮ!»

«ያ ቦታ ላልተከተበ ነው። ያልተከተበው ነው የሚሞተው። ለዚህ ልጅ ሰጥቼ ሌላው ደጄ ላይ ቢሞት ማን ይጠየቃል?»

«ካርዱን ተይው፣ ልጁን እይው!» አልጋ አንጣፊዋ ጮኸች።

ነርሷ ተናደደች። ኮሪደሩ ሙሉ ሰው እየሰማ ነው። ዞር አለችና ሬዲዮን በጣቷ ጠቆመች።

«አንቺ አሮጊት! አንቺ አይደለሽ ሁሌ ይዘሽው የምትመጪው? እስቲ ንገሪያት። በዚህ እጄ ወግቼዋለሁ፣ አልወጋሁትም?»

ዕድሜ ልኩን ቃል አጥቶ የማያውቅ አፍ ነው ያለው ሬዲዮ ጋ። የሚፈለገው አንዲት ቃል ናት። «አልወጋሽውም» ብትል ልጁ አምቡላንስ ላይ ይወጣል። ልጇ አየቻት፤ ዓይኗ «በያት እንጂ እማዬ» ይላል። ከኋላ የምራቷ ዓይን ማጅራቷ ላይ ተተክሏል። ትራፊ ጀርባ ላይ ሆና እግሯን ታወዛውዛለች።

አልወጋሽውም ካለች፣ ልጇ ምን ታደርጋታለች? እሑድ እሑድ የሳመቻትን ቀይ ነጥብ ምን ትላታለች?

«ወግተሽዋል» አለች ሬዲዮ።

«ይኸው!» አለች ነርሷ። «ቀጣይ!»

የቀረችውን ቦታ የጫማ ሰፊው ልጅ ወሰዳት። አምቡላንሱ አቧራውን አልብሷቸው ሄደ።

መንገድ ላይ ምራቷ እርምጃዋን አፈጠነችና ሬዲዮ ጎን ሆነች። አፏን ከፈተች በማይባል ድምፅ «ንገሪያት እማማ» አለች። «ገና ነው፤ ሌላ መኪና ይጠራሉ። ካልነገርሻት እኔ እነግራታለሁ።»

«ተናገሪ። ተናገሪና ከነትራፊሽ ዛሬውኑ ጣሪያዬን ልቀቂ። ደግሞስ ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው? ኮፍያውን ማን አጠለቀላት? አልጠየቅሽም እንጂ ብትጠየቂ እጅሽ አለበት።»

ምራቷ እርምጃዋን ቀንሳ ወደ ኋላ ቀረች። የመንታዎቹ እናት ደጇ ላይ ቆማ «ምን አሉ? ምን አሉ እትዬ ሬዲዮ?» ብላ ጠየቀች። ሬዲዮ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ «ምንም» ብላ አለፈች።

በማግሥቱ ልጁ ትንፋሹ አጠረ፤ ጎድኑ ውስጥ ቆዳው እየገባ ይወጣ ጀመር። ሬዲዮ «ሎሚ ልፈልግ» ብላ ወጣችና ብቻዋን ክሊኒክ ሄደች። ነርሷን ምሳ እየበላች አገኘቻት። በሩን ዘጋችና እግሯ ላይ ወደቀች።

«ሲስተር፣ ልጁ አልተከተበም። ያቺን ሴቷን ነው ያመጣሁልሽ። ኮፍያ እያጠለቅሁ። አምስቴ።»

ነርሷ ማንኪያው አፏ ጋ ቀረ። ማንኪያውን አስቀመጠች፣ አፏን ጠረገች።

«ምን እያልሽ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ልጁ ሊሞትብኝ ነው።»

«እኔ ሴትና ወንድ ሳልለይ አምስት ጊዜ ወጋሁ ነው የምትዪኝ? ይሄን ብዬ የበላይ አለቃዬ ፊት ልቁም? አሥራ ስምንት ዓመት የበላሁትን እንጀራ በአንቺ ኮፍያ ልጣ?»

«ፊታቸው አንድ ነው ስላልሽኝ'ኮ ነው ሲስተር...»

«ዝም በይ!» ነርሷ በሩን አየች። ድምፅዋን ቀነሰች። «ስሚኝ። እናቱን ይዘሻት ነይ። በራሷ አፍ ‹ልጄ አልተከተበም፣ እናቴ አታልላ ነው› ትበልና ትፈርም። ያኔ መኪና እጠራለሁ። ጥፋቱ በአንቺ ላይ ይጻፍ። በባዶ እጅሽ መጥተሽ የኔን ስም አታበላሺም።»

ሬዲዮ ተነስታ ጉልበቷን አራገፈች። መኪናው አለ ማለት ነው። ከመኪናው የሚለያት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

መንገዱን ሙሉ ዓረፍተ ነገሩን እያስተካከለች ሄደች። «ልጄ፣ ስለማፈቅረው ነው።» አይ። «ልጄ፣ እኔን ያደረጉኝን ታውቂያለሽ።» ይሄ ይሻላል። ደጃፉ ላይ ስትደርስ አልጋ አንጣፊዋ ልጁን ደረቷ ላይ አስተኝታ ወዲያ ወዲህ እያለች ነው። እናቷን ስታይ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«እማዬ፣ መጣሽ? ኑሪልኝ። አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያጽናናኝ፤ አስከትቤዋለሁ። አንቺ እየጠላሽው፣ ለኔ ብለሽ አምስቴ ወስደሽዋል። ባላስከትበው ኖሮ ዛሬ ራሴን እሰቅል ነበር። እግርሽን ልሳም።»

ጎንበስ ብላም በእውነት ልትስማት ሞከረች፣ ልጁን እንዳቀፈች። ሬዲዮ ትከሻዋን ይዛ ቀና አደረገቻት።

«ተይ የኔ ልጅ፣ ተይ» አለች። «ነገ ጠዋት የምነግርሽ ነገር አለ። አሁን ትንሽ ይተኛ።»

ምራቷ ከጥግ ሰማች። ሰሌኑን መሥራት አቆመች፣ ሬዲዮን አየች፣ እንደገና ጀመረች።

ጠዋት ሆነ። ልጁ ትንሽ ውኃ ጠጣና «ተሻለው» ተባለ። ከተሻለው ደግሞ ለምን ይነገራል? ሬዲዮ ይሄን ለራሷ ነገረቻት፤ ራሷም አመነቻት። እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐዩ በበሩ ገብቶ እግሩ ላይ እያለ፣ አለቃው ሁለቴ አሳለና ሦስተኛውን ሳይስል ቀረ።

የረግረጉ ሴቶች መጡ። ቤቱ ስለማይበቃ ደጅ ሰሌን ተነጠፈ። ሦስተኛው ቀን ላይ፣ ልቅሶው ትንሽ ጋብ ብሎ ሴቶቹ ጉልበታቸውን አቅፈው በተቀመጡበት፣ ከመንገዱ ወዲያ የድምፅ ማጉያ ተሰማ። የክትባት ቡድን ነው። ኩፍኙ ሰው ስለጨረሰ በየሰፈሩ እየዞሩ እየከተቡ ነው፤ በሰማያዊ ሣጥን ይዘው። አንዱም እነሱ የሚሰሙትን ቋንቋ ይናገራል፤ «እናቶች፣ ልጆቻችሁን አውጡ» ይላል።

ሴቶቹ ተያዩ። ቀድማ የተናገረችው አልጋ አንጣፊዋ ናት። ፊቷ አባብጦ ዓይኗ አይታይም።

«የኔ ተከትቦ ነበር። አምስቴ። ካርዱ ይኸው።»

ካርዱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ማንበብ የምትችል የለችም፤ ማኅተሙን ግን ሁሏም አየች፤ ጥርት ያለ ነው። አንዷ ሬዲዮን እያየች «ያቺ የምራትሽ ልጅም ተከትባለች አይደል?» አለች። «ሁለቱም ተወጉ። አንዱ ሞተ፣ አንዷ ተረፈች። እንግዲህ መርፌው ምን ሠራ?»

«ምንም!»

«ዕድል ነው እንጂ።»

የመንታዎቹ እናት ግን ወንዶቹን በሁለት ጭኗ አስቀምጣ ልነሳ ልቀመጥ ትላለች። ወደ ሬዲዮ ዞረች።

«እትዬ ሬዲዮ፣ አንቺ ነሽ የወሰድሽው። አንቺ ትንገሪኝ። ሰዎቹ ደጅ ናቸው። ላውጣቸው ወይስ ልተው? ያልሽኝን ነው የማደርገው።»

አሥራ ምናምን ሴት፣ በእያንዳንዷ ጭን ላይ አንድ ልጅ፣ ሁሉም ሬዲዮን እያዩ። ምራቷ ከበሩ ደፍ ላይ ቆማለች፤ ትራፊ ቀሚሷን ይዛለች። ምራቷ አንድ እርምጃ ወደፊት ራመደችና ቆመች። ምን ልትል? ማን ይሰማታል? ኮፍያውን ያጠለቀች እሷ ናት።

ሬዲዮ ልጇን አየች። ልጇ ትከሻዋ ላይ ራሷን ጣል አድርጋ ነበር። ከባድ ነው፣ ይሞቃል፤ ከአለቃው በኋላ የቀራት ሙቀት እሱ ብቻ ነው።

«በሁለት ዓይኔ አይቼ ነው ያስወጋሁት» አለች። «አምስቴም። ምንም አልፈየደም። ልጆቻችሁን ያዙ።»

የመንታዎቹ እናት ወንዶቹን አቅፋ ቤቷ ገባች፣ በሯን ዘጋች። ሌሎቹም እንዲሁ። ሰውየው ማጉያውን ይዞ ከበር በር ዞረ፤ በቋንቋቸው ለመነ። አንዷ «ብስኩትስ ይዘሃል?» ብላ ከውስጥ ጮኸችበትና ሰፈሩ በሳቅ አውካካ። ሣጥናቸውን እንደሞላ ይዘው ተመለሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሬዲዮ ቤት አንድ ነገር ተለወጠ። ምራቲቱ ቀድማ መብላት ጀመረች። ትራፊ በሬዲዮ ሰሌን ላይ ትተኛለች። ሬዲዮ አንድ ቀን «ምነው ደፈርሽ?» ልትል አፏን ከፈተች፤ ምራቷ ቀና ብላ አየቻት፤ አፏን መልሳ ዘጋች። አልጋ አንጣፊዋ እንደሆነ እሑድ እሑድ ትመጣለች፣ የእናቷን ፀጉር ትሠራለች፣ «እማዬ፣ ከስተሻል» ትላለች።

ሣጥኑ በተመለሰ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከጎረቤት ኡኡታ ተሰማ። ሬዲዮ ሻሿን አስራ ወጣች፤ እሷ ሳትደርስ ልቅሶ በረግረጉ አይጀመርም። የመንታዎቹ ቤት ጨለም ይላል፤ አንዱ መንታ በአንሶላ ተሸፍኖ መሐል ላይ ተጋድሟል። እናቱ ሬዲዮን ስታይ ተነስታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«እትዬ ሬዲዮ! እንኳንም ሰማሁሽ! እንኳንም አላስወጋሁት! አስወግቼው ቢሞትብኝ እኮ፣ እኔ ነኝ በእጄ የገደልኩት እል ነበር። አንቺ ነሽ ያዳንሽኝ ከዚህ ጸጸት። እግዜር ይስጥሽ!»

ሬዲዮ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። የሴትዮዋ እንባ ወደ አንገቷ ወረደ። ከትከሻዋ በላይ ጥጉን ስታይ ሁለተኛውን መንታ አየችው፤ ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ ብሏል፤ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ያሻል።

«እሱስ?» አለች ሬዲዮ።

«ዛሬ ጠዋት ትኩሳት ቢጤ ጀመረው። ዓይኑም ቀላ። እትዬ፣ ክሊኒክ ልውሰደው? ያ መኪና ዛሬም ግቢው ውስጥ ቆሟል አሉ፤ ካርድ ለሌለው ቦታ አለው አሉ። ወይስ እሱም ዝም ብሎ ነው? አንቺ ታውቂያለሽ።»

ቤቱ ውስጥ ያሉት ሴቶች ልቅሷቸውን አቁመው ጆሯቸውን አቀኑ። ከነሱ መሐል አልጋ አንጣፊዋ አለች፤ ሐዘን ላይ ላለችው ውኃ ይዛ ቆማለች፤ እሷም እናቷን እያየች።

ሬዲዮ አንድ ጊዜ ልጇን አየች፣ አንድ ጊዜ ልጁን።

«የኔንስ ወስጄው ምን አደረጉለት?» አለች። «እርጥብ ጨርቅ አምጪና ግንባሩን ጥረጊው።»